መልስ፦ በጠባብ ጀልባ ከካናል ወደ ቴምዝ ወንዝ ስለመውጣት

ወንድሜ፣ «ካናል (ሰው ሠራሽ የጀልባ ቦይ) ላይ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ፤ ቴምዝ ላይ ምን ይለየኛል?» ላልከው፣ ዋናው ልዩነት ውሃው ራሱ መሄዱ ነው። ካናል ላይ ሞተር ስታጠፋ ትቆማለህ። ወንዝ ላይ ሞተር ሲጠፋ ጉዞው ይቀጥላል፤ መሪው ግን ያንተ አይደለም።

ስለዚህ መልህቅ ግዛ። ገዝተህ ደግሞ ከወንበር ስር አትቅበረው፤ ሰንሰለቱና ገመዱ ከጀልባዋ ጋር ታስሮ፣ ለመጣል ዝግጁ ሆኖ ይቀመጥ። እኔ የመጀመሪያ ቀን መልህቄ ላይ የድንች ጆንያ ደርድሬበት ነበር። ሳቅብኝ።

ከመውጣትህ በፊት የናፍጣ ፊልትሮህን ቀይር። ጠባብ ጀልባ ከታች ጠፍጣፋ ናት፤ ስፋቷም 2 ሜትር ከምናምን ነው። ትልቅ ጀልባ ሲያልፍ በማዕበሉ ትናጣለች። ያኔ ሰልባትዮው ስር ለዓመታት የተኛው ዝቃጭ ይነሳና ፊልትሮውን ይደፍናል። ሞተሩ የሚጠፋው ደግሞ ሁሌም በማይሆን ቦታ ነው።

ለመቆም ስትፈልግ አፍንጫዋን ወራጁ ውሃ ወደሚመጣበት አዙር። ውሃው ፍሬን ይሆንልሃል። ሎክ (ውሃ እየሞላና እየጎደለ ጀልባ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ባለ በር ክፍል) ውስጥ ገመድ ከፊትም ከኋላም ያዝ፣ ሞተር አጥፋ። ገመዱን ግን ጥብቅ አድርገህ አትቋጥረው፤ ውሃው ሲወርድ ጀልባዋ ተንጠልጥላ ትቀራለች።

ሎኩ ላይ ቀይ ሰሌዳ ካየህ ወራጁ ኃይለኛ ነው፤ እዚያው እሰር፣ ሻይህን አፍላ።

ምዕራብ ለንደን ካለው ከቴዲንግተን ሎክ በታች ግን ሌላ ዓለም ነው፤ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ውሃውን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ያንን ለብቻህ አትሞክረው። የለመደ ሰው ይዘህ፣ ሰዓቱን አስልተህ ውጣ።