የማረፊያ ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ አሁንስ?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች በርከት ያሉት ስለ ማረፊያ ፈቃድ ናቸው። አብዛኞቹን የላኩት የበረራ ተማሪዎች ናቸው። የመጨረሻው ግን ከአንዲት ተሳፋሪ እናት ነው።

ጥያቄ፦ «ክሊርድ አይኤልኤስ አፕሮች» ከተባልኩ ማረፍ እችላለሁ?

አትችልም። ይሄ ፈቃድ አይኤልኤስ የሚባለውን የማረፊያ መሪ የሬዲዮ ምልክት ተከትለህ፣ ወደ ማኮብኮቢያው የሚወስደውን መስመር ይዘህ ቅረብ ነው የሚልህ። ማረፉ የራሱ ፈቃድ አለው። ታወር (የበረራ ተቆጣጣሪዎቹ የሚሠሩበት ማማ) ባለበት ኤርፖርት የማኮብኮቢያው ቁጥር ተጠርቶ «ክሊርድ ቱ ላንድ» (እንድታርፍ ተፈቅዶልሃል) እስክትባል ድረስ ጎማህ መሬት አይነካም። ዝም ካሉህ ጠይቅ። ሬዲዮው ተጨናንቆ መልስ ካጣህ ጎ አራውንድ አድርግ፤ ማለትም ማረፉን ትተህ ወደ ላይ ውጣ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው የምማረው። ከፊቴ ያለው ገና ሳያርፍ «ነምበር ቱ፣ ክሊርድ ቱ ላንድ» (ተራህ ሁለተኛ ነው፣ እንድታርፍ ተፈቅዶልሃል) ይሉኛል። አውሮፓ የሚማረው ጓደኛዬ ግን እንዲህ አይባልም ይላል። ማናችን ነን ልክ?

ሁለታችሁም። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ከፊትህ ያለው አርፎ እንደሚለቅልህ አስልቶ ፈቃዱን ቀድሞ ሊሰጥህ ይችላል። አውሮፓ አብዛኛው ቦታ ግን ማኮብኮቢያው እስኪለቀቅ «ኮንቲኒው አፕሮች» (መቅረብህን ቀጥል) እየተባልክ ትመጣለህ። እኔ በግሌ የአውሮፓውን እወደዋለሁ። ፈቃዱን ከሩቅ ስታገኘው ልብህ ይረጋል፣ ዓይንህ ግን ይዘናጋል። ስለዚህ ከፊትህ ያለውን አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው እስኪወጣ ድረስ ተከታተለው።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ካገኘሁ ማኮብኮቢያው ባዶ ነው ማለት አይደለም እንዴ?

አይደለም! ይሄን ጥያቄ ስላነሳሽልኝ አመሰግናለሁ። ፈቃዱ ተቆጣጣሪው በዚያች ሰዓት የሚያውቀውን ነው የሚነግርሽ። ተቆጣጣሪውም ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2023 ቴክሳስ ኦስቲን ላይ ጭጋጉ መሬት ድረስ ወርዶ ነበር። የፌዴክስ የጭነት አውሮፕላን እንዲያርፍ ተፈቅዶለታል። በዚያው ማኮብኮቢያ ላይ የሳውዝዌስት አውሮፕላን እንዲነሳ ተፈቀደለት። ተቆጣጣሪው ከታወሩ ሆኖ ማኮብኮቢያውን ማየት አይችልም ነበር። የፌዴክስ አብራሪዎች በጭጋጉ ውስጥ ሌላ አውሮፕላን አዩ። ወዲያው ወደ ላይ ወጡ፣ ሳውዝዌስቱም መነሳቱን እንዲያቋርጥ በሬዲዮ ጮኹ። ማንም አልተጎዳም።

ቶኪዮ ሃኔዳ ላይ ግን እንዲህ አልሆነም። ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ 350 የማረፊያ ፈቃዱን ይዞ በምሽት ወረደ። የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ደግሞ «ነምበር ዋን» (ለመነሳት ተራህ አንደኛ ነው) ተብሎ ከማኮብኮቢያው ውጪ ባለው መቆሚያ እንዲጠብቅ ታዞ ነበር። ካፒቴኑ እንዲገባ የተፈቀደለት መሰለው። ገብቶ 40 ሰከንድ ያህል ቆመ። ከታወሩ ማንም ልብ አላለውም፤ የኤርባሱ አብራሪዎችም በጊዜ አላዩትም፤ ተጋጩ። ኤርባሱ ውስጥ የነበሩት 379 ሰዎች በሙሉ በሕይወት ወጡ። በትንሹ አውሮፕላን ከነበሩት 6 ሰዎች 5ቱ አለቁ። እኔ ከዚያ ወዲህ ማታ ሳርፍ ማኮብኮቢያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ጊዜ ነው የማየው።

ጥያቄ፦ ፈቃዱን ሲሰጡኝ «ሮጀር» (ሰምቻለሁ) ብል አይበቃም?

አይበቃም። የማኮብኮቢያውን ቁጥር፣ ፈቃዱንና የራስህን የጥሪ ስም መልሰህ ማለት አለብህ። ተቆጣጣሪው ስህተትህን የሚይዘው ከአንተው አፍ ሲሰማው ነው። ተማሪ ሳለሁ «ሌፍት» (ግራ) ተብዬ «ራይት» (ቀኝ) ብዬ መለስኩ። ተቆጣጣሪዋ ረጋ ብላ «ኔጋቲቭ» (አይደለም) አለችና ደገመችልኝ። ሮጀር ብዬ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሰው ማኮብኮቢያ ላይ ነበር የማርፈው። ቦሌም ጎን ለጎን ሁለት ማኮብኮቢያ ነው ያለው፤ 07 ሌፍት እና 07 ራይት። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ የሚለያቸው ያቺ አንዲት ቃል ናት። እኔ ጭኔ ላይ ባለው ወረቀት እጽፋታለሁ።

ጥያቄ፦ ሬዲዮ ቢሞትብኝስ?

ትራንስፖንደርህን (መለያ ኮድህን ለራዳር የሚልከውን መሣሪያ) 7600 ላይ፣ ሬዲዮዬ ሞቷል በሚለው ኮድ ላይ፣ አድርግና ወደ ታወሩ ተመልከት፤ በመብራት ያናግሩሃል። የማይቋረጥ አረንጓዴ እረፍ ማለት ነው። የማይቋረጥ ቀይ ለሌላው ቅድሚያ ሰጥተህ መዞርህን ቀጥል፣ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ደግሞ ኤርፖርቱ አደገኛ ነው፣ አትረፍ ማለት ነው። ቀን ከሆነ ክንፍህን ወዝወዝ አድርገህ መልስላቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ባለፈው ስሄድ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ምንም ሳይቀረው ተመልሶ ሽቅብ ወጣ። ሁላችንም ጸሎት ጀመርን። ፓይለቱም ዝም አለን። ፈቃድ ከልክለውት ነው?

እማማ፣ እንኳን በሰላም ገቡ። ከልክለውት ሊሆን ይችላል፤ ፈቅደውለትም ራሱ ትቶት ሊሆን ይችላል። ነፋሱ፣ ፍጥነቱ ወይም ከፊት ያለው አውሮፕላን ካላማረው ለመተው ማንንም አያስፈቅድም። ሞተሩ ያጓራብዎት ወደ ላይ ለመውጣት ብዙ ጉልበት ስለሚሰጠው ነው፤ ጤነኛ ድምፅ ነው። ዝም ያላችሁ ደግሞ እጁ ሥራ ስለያዘ ነው። መጀመሪያ አውሮፕላኑን ያበራል፣ ቀጥሎ ለታወሩ ይናገራል። ለእናንተ ማይክ የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው።