ጌሙን ገዝቼዋለሁ፤ ቁልፉ ግን ማን ጋ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ በስቲም፣ በጎግና በፕሌይስቴሽን መደብሮች በሚሸጡ ጌሞች ላይ ስለሚጫነው የኮፒ መከላከያ፣ በጌመሮች አፍ «ዲአርኤም» ስለሚባለው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጌመሮች ዴኑቮ የተባለው የኮፒ መከላከያ ያለበትን ጌም ሲሳደቡ ይውላሉ፣ ስቲምን ግን ያሞግሳሉ። ስቲምም እኮ ያለ አካውንት አያስከፍትም። ይሄ ግብዝነት አይደለም? (ከባሕር ዳር)

ግብዝነት አንለውም። ስቲም ራሱ ዲአርኤም መሆኑ ግን እውነት ነው። በ2004 ሃፍ ላይፍ 2 ሲወጣ ዲስኩን ከሱቅ የገዛ ሰው እንኳ ስቲም ላይ ካላስመዘገበው መጫወት አይችልም ነበር፤ ያኔ የወረደበት ስድብ ዛሬ ዴኑቮ ላይ ከሚወርደው አይተናነስም። ስቲም ስድቡን ያበረደው መልሶ በመስጠት ነው፦ ኮምፒውተር ቢቀየር ጌሙን እንደገና ማውረድ ይቻላል፣ ሴቭ ፋይሉ ክላውድ ላይ ይቀመጣል፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ ከ2 ሰዓት በታች የተጫወቱትን ጌም መልሶ ገንዘብ መቀበል ይቻላል። ዴኑቮ ለገዢው የሚሰጠው ነገር የለም።

ቁጣው የሚነሳው መከላከያው የከፈለውን ሰው ብቻ ሲቀጣ ነው። በ2008 የወጣው ስፖር የተባለ ጌም ሴኩሮም የሚባል መከላከያ ተጭኖበት ከ3 ኮምፒውተር በላይ እንዳይመዘገብ ተደረገ። ክራኩ፣ ማለትም መከላከያው የተሰበረበት ቅጂ፣ ጌሙ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ተለቅቆ ስለነበር ገደቡ የነካው ገንዘቡን አውጥቶ የገዛውን ነው። ገዢዎች አማዞን ላይ አንድ ኮከብ በሺዎች ደረደሩበት፤ አሳታሚው ኢኤ (ኤሌክትሮኒክ አርትስ) ቁጥሩን ወደ 5 ከፍ አደረገ። በ2013 ሲም ሲቲ ብቻውን የሚጫወተውን ሰው ሳይቀር ሰርቨር ካላገኘ አላስገባም ብሎ ቀናት ሙሉ በር ላይ አቆመው። ያለ ኢንተርኔት አይሆንም የተባለው ያው ጌም በዓመቱ የኦፍላይን አማራጭ ተጨመረለት። በዚያው በ2013 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋን በየ24 ሰዓቱ በኢንተርኔት ፍተሻ እንደሚያደርግ አስታውቆ፣ ከደረሰበት ውርጅብኝ የተነሳ ማሽኑ ገበያ ላይ ሳይውል ሐሳቡን ቀየረ። ያለ ዲአርኤም እሸጣለሁ የሚለው የፖላንዱ ጎግ እንኳ በ2021 ሂትማንን ሲያቀርብ፣ የጌሙ አንዳንድ ክፍሎች የሚከፈቱት ኦንላይን ሲሆኑ ብቻ ስለነበር የራሱ ደንበኞች ተነሱበት። በሳምንታት ውስጥ ከመደብሩ አወረደው።

አሳታሚዎችም ቢሆኑ ለዴኑቮ በከንቱ አይከፍሉም። በ2024 የወጣ አንድ ጥናት ዴኑቮ ያለባቸውን ጌሞች መርምሮ፣ ክራኩ በመጀመሪያው ሳምንት ከወጣ ገቢው በአማካይ 20 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ፣ ከ12 ሳምንት በኋላ ከወጣ ግን ይህ ነው የሚባል ጉዳት እንደሌለው አሳይቷል። እኛ ከዚህ የምንረዳው ሦስት ወር ካለፈ በኋላ መከላከያው የሚያድነው ገንዘብ እንደሌለ ነው። አሳታሚው ካፕኮም ሬዚደንት ኢቪል ቪሌጅ በተባለው ጌሙ ላይ የነበረውን ዴኑቮ በ2023 አንስቷል። ሌሎች ግን ዓመታት ሲያልፉም አያነሱትም፤ የጌመሩ ቅሬታ እዚህ ላይ ሲሆን ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው።

ኢንተርኔት በጠፋ ቁጥር ስቲም ላይ የገዛኋቸው ጌሞች አንዳንዶቹ ይከፈታሉ፣ አንዳንዶቹ እምቢ ይላሉ። ቀድሜ ምን ላዘጋጅ? (ከደሴ)

ዝግጅቱ ኢንተርኔት እያለ መሠራት አለበት። መጀመሪያ ወደ ስቲም ሲገቡ ፓስወርዱን እንዲያስታውስ የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት። ቀጥሎ የዳውንሎድ ገጹን ይክፈቱና ተጀምሮ ያላለቀ አፕዴት ካለ ይጨርሱት፤ አፕዴቱ ግማሽ ላይ የቆመ ጌም ኦፍላይን አይነሳም። ከዚያ እያንዳንዱን ጌም ዋናው ሜኑ እስኪመጣ ድረስ አንድ ጊዜ ይክፈቱት። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ጌሙ ዳይሬክትኤክስንና መሰል ፋይሎችን የሚጭነው፣ ዴኑቮ ካለበትም ፈቃዱን ከሰርቨር የሚያመጣው በዚህ የመጀመሪያ መክፈቻ ነው። በመጨረሻ ከላይ በግራ በኩል ካለው የስቲም ሜኑ ኦፍላይን የሚለውን ይምረጡ፣ ዋይፋዩን ያጥፉና ይሞክሩት። ሳይሞክሩ ዝግጁ ነኝ አይበሉ።

ይህን ሁሉ አድርገውም እምቢ ካለ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሚከተሉት አንዱ ነው። ፓስወርድ ቀይረው ወይም ከሌላ ስልክና ኮምፒውተር ላይ «ከሁሉም ውጣ» የሚለውን ተጭነው ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው መግቢያ ተሰርዟል። ጌሙ የሌላ ኩባንያ ማስነሻ ያለው ከሆነ፣ ለምሳሌ የዩቢሶፍት፣ የኢኤ ወይም የሮክስታር፣ ያም ማስነሻ ለብቻው መግባትና ኦፍላይን መሆን አለበት። ዴኑቮ ባለበት ጌም ደግሞ ፕሮሰሰር ወይም ማዘርቦርድ ከተቀየረ ወይም ጌሙ ራሱ አፕዴት ከተደረገ አዲስ ፈቃድ ይጠይቃል።

ስቲም ላይ የሚሸጥ ጌም ሁሉ የስቲምን ቁልፍ እንደማይጠቀምም ይወቁ። ስቲምን ሙሉ በሙሉ ዝጉትና የጌሙን ፎልደር ከፍተው ማስነሻውን በቀጥታ ሁለት ጊዜ ይጫኑት። ስቲምን ሳይቀሰቅስ ከተነሳ፣ ፎልደሩን ኮፒ አድርገው ቢያስቀምጡት ያለ ስቲም ይሠራል ማለት ነው። ባልዱርስ ጌት 3 ከእነዚህ አንዱ ነው።

ዴኑቮ ኮምፒውተሬን ያዘገያል? ጌሙ ይንተባተባል። (ከአዳማ)

ሊሆን ይችላል፤ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ አይደለም። ዴኑቮ በ2014 ከፊፋ 15 ጋር የመጣ የኦስትሪያ ምርት ነው። የሚሠራው የጌሙን የተወሰኑ የኮድ ክፍሎች ሰውሮ፣ እነሱ በተጠሩ ቁጥር ፈቃዱን እንዲመረምሩ በማድረግ ነው። ምርመራው ጌሙ ሲጫንና በደረጃዎች መካከል ብቻ ከተደረገ ተጫዋቹ አይሰማውም። በየሰከንዱ የሚጠራ ኮድ ውስጥ ከተቀመጠ ግን ይሰማዋል። ሬዚደንት ኢቪል ቪሌጅ በ2021 ሲወጣ ጭራቆቹን ሲመቱ ምስሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ክራክ የተደረገው ቅጂ ከተገዛው የተሻለ መሄዱ ታወቀና ካፕኮም በጁላይ ማስተካከያ ለቀቀ። በዚያ ጌም ላይ ከዴኑቮ ሌላ የካፕኮም የራሱ መከላከያም ስለነበር ጥፋቱን ሁሉ ለዴኑቮ መስጠት ተገቢ አይደለም።

እርስዎ እንዲህ ይፈትሹ። መንተባተቡ አንድን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያልፉ ብቻ ታይቶ፣ ተመልሰው ሲያልፉ ከጠፋ፣ የግራፊክስ ካርዱ ሼደር (ምስሉን የሚስሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች) እያዘጋጀ ነው እንጂ የዲአርኤም ጉዳይ አይደለም። አዲስ አካባቢ በተከፈተ ቁጥር የሚቆም ከሆነ ጌሙ የተቀመጠው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ላይ እንደሆነ ይዩና ወደ ኤስኤስዲ ያዛውሩት። ታስክ ማናጀር ላይ ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ እየነካ ግራፊክስ ካርዱ ሥራ ከፈታ፣ ያኔ ዴኑቮን መጠርጠር ይቻላል። ለማረጋገጥ ግን አሳታሚው ዴኑቮን ያነሳበትን ዕትም ማወዳደር ያስፈልጋል።

ከመግዛትዎ በፊት የስቲምን የጌም ገጽ በቀኝ በኩል ይመልከቱ። የሌላ ኩባንያ ዲአርኤም ካለበት በሣጥን ተለይቶ ተጽፏል፤ ዴኑቮ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ በ5 የተለያዩ ኮምፒውተሮች ብቻ መክፈት እንደሚቻል አብሮ ይገልጻል። ስቲም ዴክ ወይም ሊኑክስ የሚጠቀሙ ከሆነ የፕሮቶንን (የዊንዶውስ ጌሞችን ሊኑክስ ላይ የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ዕትም በቀየሩ ቁጥር እንደ አዲስ ኮምፒውተር ይቆጠራል። አምስቱን ከጨረሱ 24 ሰዓት ከመጠበቅ በቀር መፍትሔ የለውም።

60 ጊጋ የሚሆን ጌም ለሁለተኛ ኮምፒውተር እንደገና ማውረድ አቅሜ አይደለም። ዲአርኤሙ ኮፒ ማድረግን ይከለክላል? (ከሐዋሳ)

ፋይሉን ኮፒ ማድረግን አይከለክልም፤ የሚቆልፈው መክፈቱን ነው። በራስዎ አካውንት እስከገቡ ድረስ ፋይሉ ከየትም ይምጣ ከየት ይሠራል። ሁለቱም ኮምፒውተሮች አንድ ራውተር ላይ ካሉ ቀላሉ መንገድ ስቲም በ2023 ያመጣው በአካባቢ ኔትወርክ የማስተላለፊያ አማራጭ ነው፦ በሁለቱም ላይ ሴቲንግ ውስጥ ዳውንሎድ በሚለው ስር ያብሩት፣ ሁለቱንም ኦንላይን ያድርጓቸው፣ ከዚያ በሁለተኛው ላይ ኢንስቶል ይበሉ። ፋይሉ የሚመጣው ከጎረቤት ኮምፒውተር ስለሆነ ከኢንተርኔቱ የሚቆረጠው ጥቂት ነው። ኬብል ከዋይፋይ በብዙ ይፈጥናል።

በሃርድ ዲስክ ከሆነ ስቲምን ይዝጉ። «ስቲምአፕስ» ውስጥ ካለው «ኮመን» ፎልደር የጌሙን ፎልደር፣ ከ«ስቲምአፕስ» ራሱ ደግሞ «አፕማኒፌስት» ብሎ የሚጀምረውን የጌሙን ትንሽ ፋይል ይውሰዱ፤ ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ እዚያው ቦታቸው ያስቀምጧቸውና ስቲምን ይክፈቱ። ትንሹን ፋይል ከረሱት ስቲም ጌሙ የለም ብሎ ያስባል። ያኔ አይደንግጡ፤ በዚያው ቦታ ኢንስቶል ሲሉ ያለውን ፋይል አመሳክሮ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል።

ከጎግ የሚገዙ ከሆነ በድረ ገጹ ላይ ከጌሙ ስር የኦፍላይን መጫኛውን ያውርዱ። ትልቅ ጌም እስከ 4 ጊጋ በሚደርሱ ብዙ ፋይሎች ተከፋፍሎ ይመጣል፤ አንዱ ከጎደለ ወይም ከተበላሸ ጭነቱ መሐል ላይ ይቋረጣልና ሁሉንም በአንድ ፎልደር ያኑሩ። ተጨማሪ ክፍሎች የየራሳቸው መጫኛ አላቸው፤ ዕትማቸው ከዋናው ጋር ካልገጠመ አይጫኑም። ፍላሹን በኤክስፋት ፎርማት ያድርጉት፣ ፋት32 ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም።

ሜሪላንድ ነው የምኖረው። አዲስ አበባ ያለውን ታናሽ ወንድሜን ስቲም ፋሚሊ ውስጥ ባስገባው ጌሞቼን ይጫወታል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

አይሆንም። ከ2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ስቲም ፋሚሊ እስከ 6 ሰው ይይዛል፤ የታሰበው ግን ለአንድ ቤት ነው፣ የአባላቱም የመደብር አገር አንድ መሆን አለበት። በተጭበረበረ አገር ቢያስገቡት እንኳ ወንድምዎ በእርስዎ ጌም ላይ ቢያጭበረብር እገዳው እርስዎንም ይነካል፤ የለቀቀ ሰው ቦታም፣ ሰውየው ከገባበት ቀን አንድ ዓመት እስኪሞላ ድረስ፣ በሌላ ሰው አይያዝም። በስጦታ ይላኩለት። የሁለቱ አገር ዋጋ በጣም የተራራቀ ጌም ላያልፍ ስለሚችል ከመክፈልዎ በፊት ስቲም የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ ያንብቡ።

ያገለገለ ፒኤስ 4 ገዛሁ፤ ውስጡ 11 ጌም ነበረ። ከሁለት ወር በኋላ ሁሉም ላይ የቁልፍ ምልክት መጣ። (ከጅማ)

ጌሞቹ የማሽኑ ሳይሆኑ የሻጩ አካውንት ናቸው። አንድ አካውንት አንድ ፒኤስ 4ን «ዋና» አድርጎ ሲያስመዘግብ በማሽኑ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ጌሞቹን ይጫወታል። ባለቤቱ ሌላ ማሽን ሲገዛ የድሮውን ከዋናነት ያወርደዋል፤ ራቅ ብሎ ከድረ ገጽም በየ6 ወሩ አንድ ጊዜ ማውረድ ይችላል። የእርስዎ ማሽን ኢንተርኔት ባገኘበት ቀን ቁልፉ ይመጣል። ሴቲንግ ውስጥ ከአካውንት ስር ላይሰንስ የሚመልሰውን ይሞክሩት፤ የሚጠቅመው ግን በራስዎ አካውንት ለገዙት ብቻ ነው። የሻጩ ከሆነ ገንዘቡ አልቋል። ያገለገለ ማሽን ሲገዙ ውስጡ ለተጫነ ጌም አንድ ብር አይጨምሩ፣ ዲስክ ካለው ግን ዲስኩ በማንኛውም አካውንት ይሠራል።

እግረ መንገድዎን የሶፍትዌሩን ቁጥር ይዩ። ከ9.00 በታች ከሆነና ውስጡ ያለው ሲአር2032 ክብ ባትሪ ከሞተ፣ ማሽኑ ሰዓቱን ከሶኒ ሰርቨር እስኪያስተካክል ድረስ ዲስክም ቢሆን አይከፍትም። ሶኒ ይህን ያስተካከለው በ2021 በወጣው 9.00 ላይ ነው።

ሄልዳይቨርስ 2ን ስቲም ላይ ፈልጌ አጣሁት የሚል ሰው ሰማሁ። እውነት ነው? (ከአዲስ አበባ)

በ2024 ሜይ ላይ የሆነ ነው። ሶኒ ስቲም ላይ የገዙትን ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት ያገናኙ አለ፤ አካውንቱ ግን በ170 ምናምን አገሮች በይፋ አይከፈትም፣ ኢትዮጵያም ከነዚህ አንዷ ነበረች። በነዚህ አገሮች ጌሙ ከሽያጭ ወረደ። ተጫዋቾች በቀናት ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ መጥፎ አስተያየት ሲያዘንቡበት ሶኒ ግዴታውን ሰረዘ፤ ሽያጩ ግን በብዙዎቹ አገሮች ወዲያው አልተመለሰም። ከዲአርኤሙ ሣጥን ጋር «የሌላ ኩባንያ አካውንት ያስፈልጋል» የሚለውንም መስመር ያንብቡ የምንለው ለዚህ ነው።

የድሮ ኦሪጅናል ሲዲ አለኝ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ አይነሳም። ክራክ ላውርድለት? (ከጎንደር)

ሲዲው አልተበላሸም። እንደ ሴፍዲስክ ያሉ የዚያ ዘመን መከላከያዎች ዊንዶውስ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ ድራይቨር ይፈልጉ ነበር፤ ማይክሮሶፍት ለቫይረስ በር ይከፍታል ብሎ ዊንዶውስ 10 ላይ አስቀረው፣ በ2015 ሴፕቴምበር ደግሞ በቪስታ፣ በ7 እና በ8 ላይም ዘጋው። መጀመሪያ አሳታሚው የሲዲ ፍተሻውን ያነሳ የመጨረሻ ማስተካከያ አውጥቶ እንደሆነ ይፈልጉ፣ ካልሆነ የጎጉን ዕትም ይጠብቁ፤ ቅናሽ ሲኖር የድሮ ጌም ከጥቂት ዶላር አይበልጥም። ከማይታወቅ ገጽ የሚወርድ ክራክ አንቲቫይረሱን አጥፉ ብሎ የሚጀምር ከሆነ፣ ጌሙን ሳይሆን ፓስወርዶችዎን ፈልጎ እንደመጣ ይቁጠሩት።