ጅማ ላይ ከጓደኞች ጋር የሪዞርት ቁርስ፦ አርብ አትሂዱ፣ ጀበናውን ቀድማችሁ እዘዙ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ስድስት ጓደኛሞች ናችሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ አብራችሁ ተምራችሁ ተበታትናችሁ ነበር፣ አሁን በጥር መጨረሻ ልትገናኙ ነው። አንድ ጠዋት ልጆቻችሁን ይዛችሁ መዋኛና የልጆች መጫወቻ ያለው ሪዞርት ላይ ቁርስ መብላት ፈልጋችኋል። ቡፌ ይሻላል ወይስ ማዘዝ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ከዚያስ ወዴት ነው ያልሽው። አንዱ ደግሞ «ቁርስ ምን ያደርግላችኋል፣ ማታ ተገናኙና ክትፎ ብሉ» ብሎ መልሶልሻል። በዚህ አልስማማም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ቻይኝ።

ጅማ ተወልጄ ነው ያደግኩት። እኛም ጓደኛሞች አምስት ነን። ሁለቱ ሙስሊም፣ እኔና አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዷ ጴንጤ። የጅማ ልጅ ከሆንሽ ይሄ ብርቅ አይደለም፣ ሰፈሩም ትምህርት ቤቱም እንዲሁ ነው። ግን ምሳና ራት ላይ ሥጋ ይመጣል፣ ሥጋ ሲመጣ ደግሞ «የማን እርድ ነው?» ይመጣል። ማንም አይጣላም፣ ማንም ቅር አይለውም፣ ግን ሁለት ትሪ ይሆናል። አንድ ጠረጴዛ ተቀምጠን ለየብቻ እንበላለን። ከዓመታት በኋላ የተገናኘ ሰው ጉርሻ ጠቅልሎ እጁን ከዘረጋ በኋላ «ውይ፣ ይቅርታ» ብሎ ሲመልስ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኛ አይተናል፣ ስቀናልም። ከዚያ በኋላ ነው ቁርስ የመረጥነው። ቁርስ ላይ እንቁላል፣ ፉል፣ ጨጨብሳ፣ ገንፎ፣ ማር ነው። ሁሉም ከአንድ ሳህን ይበላል። የናንተን ስብጥር አላውቅም፣ ግን ስድስት ሆናችሁ ጅማ ተምራችሁ አንድ ዓይነት ከሆናችሁ ይገርመኛል።

እና ቁርስ ጥሩ ነው። ቀኑን ካወቃችሁበት።

እኛ የመጀመሪያውን ያበላሸነው በቀኑ ነው። ከመሀላችን አንዱ ሐኪም ነው፣ ያገኘው እረፍት አርብ ብቻ ስለነበር «አርብ ይሁን» ብለን ተስማማን። ማንም አላሰበበትም። እኔ ራሴ አላሰብኩበትም፣ ጾመኛዋ እኔ ሆኜ! ሪዞርቱ ደርሰን፣ ሳር ላይ ጥላ ያለው ጠረጴዛ ይዘን፣ አስተናጋጁ ምን ልታዘዝ ሲል ነው አርብ መሆኑ ትዝ ያለኝ። እኔ ደግሞ በጾም ቀን እስከ ስድስት ሰዓት ውሃም አልቀምስም። ሌላው ኦርቶዶክስ ጓደኛችን «እኔ የጾም በልቼ ልሸኛችሁ» ብሎ ፉል ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል አዘዘ። እኔ ግን ፊቴ እንቁላል በቃሪያ እየጨሰ፣ ማር የፈሰሰበት ጨጨብሳ እየሸተተኝ፣ እጄን አጣጥፌ የሰው ወሬ ስሰማ ቆየሁ። ያ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አምስት ሰዓት ሲሆን ሙስሊሞቹ ሰዓት ማየት ጀመሩ፣ ጁምዓ አለባቸዋ። እኔ መብላት የምችልበት ሰዓት ሲደርስ እነሱ መስጊድ ሄዱ። ገንዘባችንን ከፍለን አንድ ላይ የበላንበት ደቂቃ የለም።

ስለዚህ አርብ አትሂዱ። ረቡዕም እንደዚያው ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ካልሆኑ በቀር። እሁድ ቅዳሴም የፕሮቴስታንቶቹ ፕሮግራምም አለ፣ ሰው ተንጠባጥቦ ነው የሚመጣው። ቅዳሜ ይሻላል። ሁዳዴና ረመዳን መቼ እንደሚገቡም ካላንደር ላይ እዩ፣ በእነሱ ውስጥ ከገባችሁ ቁርሱን ርሱት፣ አፍጥር ላይ ተገናኙ።

ሰዓቱ። ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጡት 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው የሚነዱት፣ ጊቤን ወርደው ወጥተው ነው የሚደርሱት። አርብ ማታ ከገቡ ቅዳሜ በማለዳ አይነሱም፣ አትጨቅጭቂያቸው። እኛ በሁለተኛው ጊዜ ያደረግነው ከሩቅ የመጡትን እዚያው ሪዞርቱ ማሳደር ነው። አልጋው ከነቁርሱ ስለሆነ እነሱ ለቁርስ አይከፍሉም፣ ከክፍላቸው ወጥተው ተቀመጡ፣ እኛ የከተማዎቹ በባጃጅ መጣን። ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ተቀምጧል። የኛው ቡፌ አራት ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው፣ ግን እመኚኝ፣ ሦስት ተኩል ላይ የደረሰ ሰው የሚያገኘው የቀዘቀዘ እንቁላልና የዳቦ ጠርዝ ነው። ስትደውሉ «እስከ ስንት ሰዓት ነው?» ብቻ ሳይሆን «እስከ ስንት ሰዓት ትጨምራላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቡፌ ወይስ ማዘዝ ላልሽው፣ እኔ ማዘዝ ነው የምለው። ቡፌ ላይ ሁሉም ሳህኑን ይዞ ይዞራል። አንዱ ሲቀመጥ አንዱ ይነሳል፣ ወሬው አሥር ቦታ ይቆረጣል። ደግሞ የሥጋው ነገር እዚያም አይቀርም። እኛ ቡፌ ላይ ቋሊማ ነበር፣ ጓደኛችን ምግብ ቤት በገባች ቁጥር የምትጠይቀውን ጥያቄ ሼፉን ጠየቀችው፣ እሱ ልጅ እግር ነው፣ ግራ ገብቶት «ከአዲስ አበባ ነው የመጣው» አላት። እሺ፣ ከአዲስ አበባ ማን አረደው? ትታው ሄደች። ቡፌ የሚያዋጣው ብዙ የሚበሉ ትልልቅ ልጆች ካሏችሁ ብቻ ነው።

ካዘዛችሁ ደግሞ በጋራ እዘዙ። እኛ ለአምስት ሰው ሁለት ትልቅ ጨጨብሳ፣ አንድ ገንፎ፣ ሁለት ፉል፣ አንድ እንቁላል ፍርፍር አዘዝን፣ ተረፈን። ጨጨብሳ ስሙም ከኦሮምኛ ነው፣ ቂጣው ተሰባብሮ ነው የሚሠራው፣ ስሙም ያንኑ መሰባበር ነው የሚናገረው። ጅማ መጥተሽ ማር የሌለበት ጨጨብሳ ካቀረቡልሽ መልሺው። ግን ማሩን ለብቻ በሳህን ይስጧችሁ፣ ኩሽና ውስጥ ካፈሰሱት ይረጥባል፣ ልጆችም ሁሉም ከአንድ ጎን ይልሳሉ። ገንፎውን ኦሮምኛ ተናጋሪ ጓደኛ ካለሽ «ማርቃ» ብላ ትዘዘው፣ እኛ እንደዚያ ስናዝዝ ወጥ ቤቷ ራሷ ወጥታ አየችን፣ መሀሉ ላይ ያለው ቅቤም ወፈር ብሎ መጣ። አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። እኔ አጋጣሚ አይመስለኝም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቡናው። ጅማ ተቀምጦ የማሽን ማኪያቶ መጠጣት ነውር ነው አልልም፣ ልጆቹ ወተቱን ይወዱታል። ግን ጀበና ፈልጋችሁ ከሆነ ስትቀመጡ፣ ከምግቡም በፊት እዘዙ። እኛ በልተን ጨርሰን አዘዝን። ልጅቷ ገና ቡናውን ልታጥብ ነው! ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ አቦሉ ሲቀዳ አርባ ደቂቃ ሄዷል። ቶና ላይ ስንደርስ ልጆቹ ካሁን ካሁን ውሃ ውስጥ ካልገባን ብለው እያለቀሱ ነው፣ በረካውን ማንም ተረጋግቶ አልጠጣውም። በሁለተኛው ጊዜ ግን ስንቀመጥ አዘዝን፣ ጭሱና ሽታው ከምግቡ እኩል ደረሰ፣ በረካ ላይም ማንም አልተነሳም።

ቡና ካነሳሁ አይቀር፣ በኦሮሞ ባህል «ቡና ቀላ» የሚባል አለ። ቡናው በቅቤ ይጠበስና ይበላል። ቀላ ማለት የታረደ ማለት ነው፣ የታረደ ቡና። ሙስሊሟ ጓደኛችን «ማን አረደው ተብሎ የማይጠየቅ ብቸኛው እርድ» ትለዋለች። እኛ የሄድንበት ሪዞርት ሜኑ ላይ አልነበረም፣ ከናንተ አንዷ የባለሀገር አክስት ካላት እሷ ጋ ነው የሚገኘው።

ሂሳቡ ላይ ንቁ። ስሙን አልጠራውም፣ ግን የኛው ቦታ ሜኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ አልነበረም። ከሥሩ በትንሽ ፊደል ሰርቪስ 10 በመቶና ቫት 15 በመቶ ይጨመራል ይላል። ቫቱ ደግሞ ሰርቪሱ ከተደመረ በኋላ ነው የተሰላው። 1000 ብር በላሁ ያልሽው 1265 ብር ይሆናል ማለት ነው። ሌላው፣ የሦስት ዓመት ልጅ ግማሽ ቂጣ በልቶ የአዋቂ ሂሳብ መጣበት። ስንጠይቅ አነሱት፣ ባንጠይቅ ግን ይከፈል ነበር። ልጅ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሚከፍል፣ መዋኛው ከቁርሱ ጋር ይሁን ለብቻ፣ ስትደውሉ ጨርሱት። ለመዋኛው እኛ ለብቻ ነው የከፈልነው፣ ዳር ተቀምጠን ለምናየውም ጭምር ሊያስከፍሉን ነበር።

ከዚያ የመክፈል ጠብ አለ። ታውቂዋለሽ። «በሞቴ እኔ ልክፈል»፣ «አፈር ስሆን»፣ አንዱ ቦርሳ ይነጠቃል፣ አንዱ አስተናጋጁን ጥግ ይዞ ያንሾካሹካል። ጊዜ ይፈጃል፣ መጨረሻ ላይም ሁሌ የሚከፍለው ያው ዶክተሩ ነው፣ ደሞዙን ስለምናውቅ ደግሞ ያሳዝነናል። አሁን ቀድመን እናዋጣለን። አንዷ ትይዛለች፣ ከሳምንት በፊት በቴሌብር እንልክላታለን፣ የተረፈው ለአስተናጋጆቹ ነው። ጥቂት ጥሬ ብርም ያዙ፣ ኔትወርክ የጠፋ ቀን አስተናጋጁም እናንተም ስልክ ወደ ሰማይ ይዛችሁ እንዳትቆሙ።

ልጆቹ። የቢሾፍቱውን የውሃ ፓርክ አይተው ከሆነ እዚህ ያንን እንዳይጠብቁ ከወዲሁ ንገሯቸው። እኛ የሄድንበት ዥዋዥዌ፣ ሸርተቴ፣ አንድ የልጆች መዋኛ ነው ያለው። ለኔ ይሄ አይከፋም፣ ጠረጴዛው ላይ ሆነሽ ሁሉንም ታያቸዋለሽ። ውሃው ግን ጠዋት በጣም ቀዝቃዛ ነው፣ ጅማ ፀሐይዋ ጠንከር እስክትል አራት ሰዓት ያልፋል፣ ስለዚህ አስቀድመው ይብሉ፣ ይጫወቱ፣ ውሃው ይቆይ። ጥር መምረጣችሁ ጎበዞች ናችሁ። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብባት ከተማ ናት፣ ክረምት ላይ ሳር ላይ ጠረጴዛ ያዘዘ ሰው ጨጨብሳውን በዝናብ ነው የሚበላው።

ከዚያስ ላልሽው፣ ሁለት ቦታ ብቻ ነው የምጠቁምሽ። ልጆቹ ካልደከሙ ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፣ ኮረብታ ላይ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙ ናቸው፣ ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው የቆዩ። እኛ ተምረን ያላየነው ብዙ ነው፣ አንዷ ጓደኛችን ጅማ አምስት ዓመት ተምራ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። የእንጨቱን ሥራ ልጆቹም ወደዱት፣ እንደ ሸርተቴው ባይሆንም። ልጆቹ ከደከሙ ግን ቦዬ ረግረጉ ጋ ሂዱ፣ ጉማሬ ካያችሁ እሰየው፣ ካላያችሁም ወፉ ይበቃችኋል። ውሃው ዳር ልጅ እንዳትለቁ ብቻ፣ ጉማሬ የሚያምረው በሩቁ ነው።

ባጃጁን መመለሻውን ጭምር ተስማሙ፣ ሪዞርቶቹ ደጅ ባጃጅ ሁሌ አይገኝም። ማር ለመግዛት ካሰባችሁ ደግሞ ከሪዞርቱ ሱቅ ሳይሆን ከሂርማታ ገበያ ግዙ፣ ክዳኑን በላስቲክ አስራችሁ መኪና ውስጥ አቁሙት። የኛው ወሊሶ ላይ ነው የፈሰሰው፣ የዶክተሩ መኪና እስከ ዛሬ ጨጨብሳ ጨጨብሳ ይሸታል።