ጅማ እያደሩ ዙሪያውን ማየት፦ ከመሄጃው ይልቅ መመለሻውን አስቢ

ሰላም እህቴ። «ለሥልጠና ለ10 ቀን ጅማ እመጣለሁ፤ አራቱን ቀን ነፃ ነኝ። ሆቴል ሳልቀያይር እዚያው እያደርኩ አጋሮን፣ ጮጬን፣ ቦንጋን ደርሶ መልስ ማየት እችላለሁ ወይ?» ነው ያልሽው። ጅማ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ቦንጋ ሲቀር።

ረጅሙ መልስ ደግሞ ይኸውልሽ። እንግዳ ሰው ሁልጊዜ የሚሳሳተው ኪሎ ሜትር ሲቆጥር ነው። አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ናት፣ ምን አላት ይላል። የሚቆጠረው ግን መመለሻ መኪናው ነው። ጠዋት መናኸሪያ ሚኒባስ ቶሎ ይሞላል። ከሰዓት ግን ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ገብቶ ያልቅና፣ ሁለት ተሳፋሪ እስኪገኝ ቁጭ ብለሽ የረዳቱን ጩኸት ትሰሚያለሽ።

እኔ ይህን የተማርኩት ጮጬ ላይ ነው። ከአጋሮ ትንሽ ገባ የምትል የገጠር ቀበሌ ናት፤ ካልዲ የሚባለው እረኛ ፍየሎቹ ቡና በልተው ሲፈነጥዙ ያየው እዚያ ነው ይባላል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ዘመዶቹ ቤት ወሰደኝ። ጊዜው የለቀማ ነበር። ደጁ ላይ እሸት ቡናው ቀይ ሆኖ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ ሁለት ልጆች የተበላሸውን እየለቀሙ ይጥላሉ። እናትየው ቡና አቀረቡ። አቦል ጠጣን። ቶና ጠጣን። ሰዓቴን ሳይ ዘጠኝ ተኩል አልፏል። «መኪና እንዳያመልጠን» ስል እናትየው ጀበናውን መልሰው እሳቱ ላይ ጣዱት። በረካ ሳይጠጣ ይኬዳል እንዴ?

አጋሮ ስንደርስ 12 ሰዓት አልፎ ነበር። መናኸሪያው ባዶ ነው። አንድ ተራ አስከባሪ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ አይቶን ሳቀ። ኋላ ጀንፈል፣ ማለት ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና፣ የጫነ አይሱዙ ለምነን፣ ጋቢና ውስጥ ሦስት ሆነን፣ ጉልበቴ ከማርሹ ጋር እየተጋጨ ጅማ ገባሁ። ልብሴ ለሳምንት ጀንፈል ጀንፈል ሸቷል። ስለዚህ የአጋሮና የጮጬን ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጀምሪው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ወደ መመለሻው ፊትሽን አዙሪ። በነገራችን ላይ ይህ መንገድ ድሮ አንድ አገር አልነበረም። ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ፣ ሊሙ እናርያ የሚባሉ አምስት የጊቤ መንግሥታት ነበሩ። አጋሮ ስትገቢ ከጅማው ንጉሥ ከአባ ጅፋር አገር ወጥተሽ ጎማ ገባሽ ማለት ነው።

አንዱን ቀን ለራሷ ለጅማ ስጫት። ጅሬን፣ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ከመሃል ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙ ናቸው። ዳገቱን በባጃጅ ውጪ፤ ስትመለሽ በእግርሽ ውረጂ፣ ከተማዋ ከታችሽ ተዘርግታ ትታይሻለች። ባጃጁን አቁመሽ ማስጠበቅ ከፈለግሽ ግን ሒሳቡን ሳትነሺ ተስማሚ። ሐሙስ ነፃ ከሆንሽ ትልቁ ገበያ የዚያን ቀን ነው፤ ማርና ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከዚያ ግዢ። አርብ ከስድስት ሰዓት በኋላ ለጁምዓ ሶላት ብዙ ሱቅ ስለሚዘጋ ጉዳይሽን ጠዋት ጨርሺ። ወደ ማምሻው ቦዬ ረግረግ ዳር ጉማሬ ሊታይሽ ይችላል፤ ብቻሽን ግን አትጠጊ።

መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም ቅርብ ነው፣ በአጋሮ መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቡና ላይ የሚሠራ ነው። ዝም ተብሎ የሚገባበት ቦታ ስላልሆነ በሥልጠናሽ በኩል አስቀድመሽ ብታስጠይቂ ይሻላል። ሊሙ ገነት ድረስ ለመሄድ ግን አትድከሚ፤ ቀንሽን መንገድ ይበላዋል። የጊቤንም በረሃ ከአዲስ አበባ በመኪና ከመጣሽ እግረ መንገድሽን ስለምታዪው ሌላ ቀን አያስፈልገውም።

አሁን ቦንጋ። 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ቀን ሄዶ መመለስ ይቻላል፤ የምታዪው ግን የመኪና መስኮት ነው። መስኮቱም ቢሆን አይናቅም፦ ሰቃን፣ ሸቤን አልፈሽ የበለጤ ጫካ ይቀበልሻል፣ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ታያለሽ፤ ከዚያ ጎጀብ ወንዝ ስትወርጂ ሙቀቱ ጃኬትሽን ያስወልቅሻል። ቦንጋ ግን የብሔራዊ ቡና ሙዚየሙ አለ፣ የእግዜር ድልድይ አለ፣ የቦንጋ ሰው ቡና የተገኘበት ነው የሚለው ማንኪራ ያለው የጫካ ቡና ደግሞ በእግር የሚኬድ ነው። በቦንጋ ዙሪያ ያለው የካፋ ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ የተመዘገበው በከንቱ አይደለም። አንድ ሌሊት እደሪ። ሻንጣሽን ጅማ ሆቴል አስቀምጪ፣ ትንሽ ቦርሳ ይዘሽ ሂጂ። አንድ ነገር ብቻ፦ ቦንጋ ሄደሽ «ቡና የተገኘው ጮጬ ነው» እንዳትዪ። ጮጬም «ማንኪራ ነው» እንዳትዪ። ሁለቱም ጋ ቡናው ይጣፍጣል፣ ጠጥተሽ ዝም በዪ።

ስለዚህ አንድ ቀን ጅማ፣ አንድ ቀን አጋሮና ጮጬ፣ ሁለት ቀን ቦንጋ። የገጠር መንገድ ከመውጣትሽ በፊት ማታውኑ የሆቴሉን ሰዎች «መንገዱ እንዴት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ዝናብ እዚያ ከመጋቢት ጀምሮ ረጅም ወራት ስለሚቆይ ጃንጥላና ጭቃ የሚችል ጫማ ያዢ። ኦሮምኛ ባትችዪም «አካም» (እንዴት ነህ/ነሽ) እና «ገለቶማ» (አመሰግናለሁ) ብዙ በር ይከፍቱልሻል።

የምትመጪው በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ባልደረባዬን ጠይቄ ጮጬ ያሉትን እናት ላስነግርልሽ እችላለሁ። ብቻ በረካውን ሳትጠጪ አያስነሱሽምና በጠዋት ሂጂ።