ጥያቄና መልስ፦ ፊልሙ ሳያልቅ ዳታው ሲያልቅ

ከአቶቴ ሰፈር አንዲት እናት፦ «ልጄ በስልኬ ፊልም ለማየት አንድ ጊጋ ገዝቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ተጭበርብሬ ይሆን?»

ስሌቱን አብረን እንሥራው። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት ሲሆን የምንገዛው ጥቅል ግን የሚለካው በሜጋባይት (ሺሁ አንድ ጊጋባይት ነው) ነው፤ አንዱ ባይት ደግሞ ስምንት ቢት ነው። ስለዚህ ጥራቱ ከፍ ያለ፣ በሰከንድ 5 ሜጋቢት የሚወስድ ፊልም በሰዓት 2.25 ጊጋባይት ይበላል፤ 1 ጊጋ ለ27 ደቂቃ እንኳ በቅጡ አይበቃውም። ያው ፊልም ጥራቱ ተቀንሶ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ቢታይ ግን ያው ጊጋ ከሁለት ሰዓት በላይ ይዘልቃል። እንግዲህ ማንንም ከመጠርጠርዎ በፊት የጥራት ምርጫውን ይመልከቱ። ዩቲዩብ ከሆነ ቪዲዮው እየታየ ወደ ቅንብሩ ገብተው 360 ወይም 480 የሚለውን ይምረጡ፤ መዳፍ በምታህል ስልክ ላይ ልዩነቱ ብዙም አያስቀይምም። አንዱ ክፍል ሲያልቅ ተከታዩን በራሱ የሚያስጀምረውንም ያጥፉት። እኔ ራሴ አንድ ምሽት እያየሁ እንቅልፍ ወስዶኝ ስነቃ፣ ተከታታይ ፊልሙ አራተኛው ክፍል ላይ ደርሶ፣ ጥቅሌም ተሟጦ አግኝቼዋለሁ።

ከታቦር አንድ አባወራ፦ «ማታ ማታ ምስሉ ይደበዝዝና ቆይቶ ይጠራል። ቴሌቪዥኑን ላስጠግነው?»

አያስፈልግም። በኢንተርኔት የሚታይ ፊልም የሚደርሰን የጥቂት ሰከንዶች ቁራጭ እየሆነ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቁራጭ በተለያየ የጥራት ደረጃ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። መስመሩ ሲጠብ ቴሌቪዥንዎ ቀለል ያለውን፣ ሲሰፋ ከበድ ያለውን ይጠራል። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ከአንድ የኔትወርክ ታወር ስለሚቀዳ፣ እንደ ቦኖ ውኃ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል።

ከአንድ ተማሪ፦ «ወደ አዲስ አበባ ስሄድ መንገድ ላይ ላየው ከኔትፍሊክስ ያወረድኩት ፊልም አልከፍት አለኝ።»

ኔትፍሊክስ ፊልም በክፍያ በኢንተርኔት የሚያሳይ ድርጅት ነው፤ ያወረድከውም ለጊዜው የማየት ፈቃድ ያለውን ቅጂ ነው። አንዳንዱ ፊልም ማየት ከጀመርክበት አንሥቶ በ48 ሰዓት ውስጥ ጊዜው ያልፍበታልና፣ ከመሳፈርህ በፊት መተግበሪያውን ከፍተህ አረጋግጥ።

ከመናኸሪያ አካባቢ አንድ ባለሱቅ፦ «በፍላሽ ፊልም እየጫንኩ ቤተሰብ አስተዳድራለሁ። ይህ ፊልም በኢንተርኔት ማየት የሚሉት ነገር እንጀራዬን ያሳጣኝ ይሆን?»

ኔትፍሊክስ ራሱ እኮ የእርስዎ ሥራ ዘመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ተመሥርቶ ዲቪዲ በፖስታ ቤት በኩል ያከራይ ነበር፤ በ2007 ፊልምን በኢንተርኔት ማሳየት ጀመረ፤ በጥር 2016 ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ130 በላይ ለሚሆኑ አገሮች በአንድ ቀን ተከፈተ፤ የዲቪዲ ኪራዩን ግን ጨርሶ የዘጋው በ2023 ነው። አሮጌው ከአዲሱ ጎን አሥራ ስድስት ዓመት ኖሯል ማለት ነው። ፍላሽ ደንበኛውን ዳታ ስለማያስወጣው እኛም ጋ ቶሎ የሚጠፋ አይመስለኝም። ይሁን እንጂ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ፊልም አባዝቶ መሸጥ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓ.ም.) የተከለከለ ስለሆነ፣ እንጀራዎን በዚያ ላይ ብቻ ባይጥሉት እመርጣለሁ። ስማርት ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ከዋይፋይ የሚያገናኝለትና ጥራቱን ከጥቅሉ ጋር የሚያመጣጥንለት ባለሙያ መፈለጉ አይቀርም፤ እኔ የጎረቤቴን ለማገናኘት ሁለት ምሽት ፈጅቶብኛል፣ ቡናውም እስከ ሦስተኛው ተፈልቷል።