የመነሻ ፍሊታችንን ማን ይምረጥ? ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳርና አካባቢዋ ያላችሁ የባሕር ውጊያ ጌም ወዳጆች፣ በገባሁት ቃል መሠረት ዛሬ ጥያቄ እቀበላለሁ። ርዕሱ አንድ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ፍሊታችንን፣ ማለትም የጦር መርከቦቻችንን ስብስብ፣ ጌሙ ይስጠን ወይስ እኛ እንምረጥ?

ዘጌ፦ እኛ ብንመርጥ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ እንምረጥ! ግን የቶን ገደብ፣ ማለትም በመርከቦቹ ጠቅላላ ክብደት ላይ ገደብ፣ ይኑር። ገደብ ከሌለ ሁሉም ባትልሺፕ (ትልልቅ መድፍ የጫነ ከባድ የጦር መርከብ) ብቻ ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1922 የተፈረመውን፣ የአገሮችን የጦር መርከብ የገደበውን የዋሽንግተን ስምምነት እዩ። ለባትልሺፕና ፈጠን ላለው ዘመዱ ለባትልክሩዘር እንግሊዝና አሜሪካ እያንዳንዳቸው 525,000 ቶን፣ ጃፓን 315,000 ቶን ተፈቀደላቸው። አሜሪካ መሥራት ጀምራቸው የነበሩትን ባትልክሩዘሮች፣ ሌክሲንግተንና ሳራቶጋን፣ አውሮፕላን ተሸካሚ አደረገቻቸው። ሰው አስቦ እንዲመርጥ የሚያደርገው ገደቡ ነው። ዲስትሮየር ደግሞ አትርሱ፤ ሰርጓጅ የምታባርር ፈጣን ትንሽ የጦር መርከብ ናት።

ደንገል፦ ለጀማሪ የትኛው ፍሊት ይሻላል?

መልስ፦ የትኛው ጌም? ስንት ዓመት ላይ? የማን አገር?

ቀበሌ 13፦ ስልክ ላይ የሚሠራ አለ?

መልስ፦ ስልክ ላይ አልጫወትም። የሚያውቅ ይንገርህ።

ጎርጎራ፦ ዲስትሮየር ዲስትሮየር የምትለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ባለፈው ቅዳሜ ጌም ቤት አንድ ልጅ የጌሙን ብር ሁሉ አራት ባትልሺፕ ላይ ጨረሰ። ሰርጓጅ መርከብ መጣች፤ የሚያባርራት የለም። ሁለቱ ሰመጡ። ልጁ እጁን ከማውሱ ሳያነሳ ስክሪኑ ላይ ፈዞ ቀረ። ለዚህ ነው።

የዓባይ ልጅ፦ የኛዋን መርከብ «ኢትዮጵያ»ን ማስገባት አይቻልም? ባትልሺፕ ነበረች አሉ።

ዘጌ፦ ኧረ ባትልሺፕ አይደለችም! ከአሜሪካ የመጣች የባሕር አውሮፕላን ደጋፊ መርከብ ናት፤ ድሮ ኦርካ ነበር ስሟ።

የዓባይ ልጅ፦ መድፍ አልነበራትም ልትለኝ ነው?

መልስ፦ ተዉት እባካችሁ። ዘጌ ልክ ነው። የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ ነበረች፤ አከብራታለሁ። ግን የተሠራችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለሆነ በ1922 ፍሊት ውስጥ ቦታ የላትም።

ጎርጎራ፦ አሮጌ መርከቦችን ሸጦ በአዲስ መጀመርስ?

መልስ፦ ሁሉንም አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1906 ድሬድኖት የተባለችው አዲስ ዓይነት የእንግሊዝ ባትልሺፕ ስትመጣ የቀድሞዎቹ ሁሉ አረጁ፤ ማንም ግን በአንድ ሌሊት አልጣላቸውም። ግማሹን ጌሙ ያውርሰን፣ ግማሹን እንምረጥ። እኔ የምፈልገው ይህንን ነው። በቶን ገደብ!

ደንገል፦ ታዲያ የትኛው ፍሊት ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጠየቅሁህ እኮ! ጌሙን፣ ዓመቱን፣ አገሩን ጻፍ።

ደንገል፦ አልቲሜት አድሚራል ድሬድኖትስ፣ 1910፣ ጣሊያን።

መልስ፦ እንዲህ ጠይቀኝ! ዘመቻውን ስትጀምር ፍሊቱን ራስህ ሥራ። ጎረቤትህ ኦስትሪያ ሃንጋሪ ናት፤ አድሪያቲክ ጠባብ ባሕር ነው። ሁለት ባትልሺፕ ይበቃሃል፤ በቀረው ቶርፔዶ (ውኃ ውስጥ የሚወነጨፍ ፈንጂ) የጫኑ ዲስትሮየሮች አብዛ። እ.ኤ.አ. በ1918 ሴንት ኢስትቫን የተባለውን የኦስትሪያ ሃንጋሪ ባትልሺፕ ያሰመጠችው አንዲት የጣሊያን ቶርፔዶ ጀልባ ናት።