«የቀለም ዕውር» ማለት ልክ ነው?

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ ሥዕል ሲቀባ ሣሩን ቡናማ ያደርገዋል። ቀዩን እርሳስ አምጣ ሲሉት አረንጓዴውን ይዞ ይመጣል። ሐኪም መርምሮት «የቀለም ዕውር ነው» አለን። ቃሉ አስደነገጠኝ፤ ልጄ እኮ ያያል! ትክክለኛው አማርኛ ምንድን ነው?

መልስ፦ መደንገጥዎ ተገቢ ነው። እኔም ቃሉን አልወደውም። «ዕውር» የምንለው የማያየውን ነው። እንደ ልጅዎ ያሉት ግን ጥርት አድርገው ያያሉ፤ ሰማያዊና ቢጫም አይጠፋቸውም። «የቀለም ዓይነ ስውር» እያሉ የሚያለዝቡት አሉ። አነጋገሩ ጨዋ ሆነ እንጂ ትርጉሙ አልተቃናም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን «ቀለም» የሚለው ነው። ቀለም በአማርኛ ቀይና አረንጓዴ ብቻ አይደለም። የመጻፊያው ቀለም አለ። ከእሱ ተነሥቶ ትምህርትም ቀለም ተባለ። የተማረውን «ቀለም ቀመስ»፣ ሊቁን «የቀለም ቀንድ» እንላለን። እንግዲህ «የቀለም ዕውር» ሲባል የሰማ ሰው «ትምህርት የማይዘልቀው» ብሎ ቢረዳው ምን ይፈረድበታል? አንድ ሕፃን ይህን ስም ተሸክሞ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ይታይዎ።

ነገሩ የዓይን እንጂ የአእምሮ አይደለም። በዓይናችን ውስጥ በስተኋላ፣ ሬቲና በሚባለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ላይ፣ ኮን የሚባሉ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት አሉ። አንዱ ለአጭር፣ አንዱ ለመካከለኛ፣ አንዱ ለረጅም የብርሃን ሞገድ ይበልጥ ይነቃል። አንጎል የሦስቱን መልእክት እያነጻጸረ ቀለሙን ይለያል። ከመካከለኛውና ከረጅሙ አንዱ ሲጎድል ወይም ሲዛባ ቀይና አረንጓዴ ይቀራረባሉ። የበሰለ ቡና ከቅጠሉ መሐል ጎልቶ አይታይም። ቀይ በርበሬና አረንጓዴ ቃሪያ ይመሳሰላሉ።

የእነዚህ የሁለቱ ሕዋሳት ጂን፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረሰው መመሪያ፣ ያለው ኤክስ ክሮሞዞም በሚባለው የዘር ተሸካሚ ላይ ነው። ወንድ ልጅ ያለው አንድ ኤክስ ነው፤ እሱንም የሚያገኘው ከእናቱ ነው። ሴት ሁለት ስላላት አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ከ100 ወንዶች 8 ያህሉ እንዲህ ናቸው፤ ከሴቶች ግን ከ200 አንዷ ገደማ ብቻ ናት። እስቲ የልጁን የእናቱን አባት ይጠይቋቸው። ምናልባት እሳቸውም ሳያውቁት ኖረው ይሆናል። እንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ጆን ዳልተን እንኳ የራሱን ያስተዋለው ካደገ በኋላ ነው። በ1794 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጉዳይ ጽሑፍ አቀረበ። ፈረንሳይኛ «ዕውር» የሚለውን ትቶ በእሱ ስም «ዳልቶኒዝም» ይለዋል።

ለአማርኛችን እኔ የምመርጠው ስም ሳይሆን ግስ ነው። ለጎረቤት «ቀይና አረንጓዴ ይምታታበታል» ይበሉ። ለመምህሩ «ቀለም መለየት ይቸግረዋል»። በጽሑፍ ሲሆን «ቀለም የመለየት ችግር» በቂ ነው።

እርሳሶቹ ላይ የቀለማቸውን ስም ጽፈው ይለጥፉለት። የትራፊክ መብራት ሲሆን ቀዩ ከላይ መሆኑን ከአሁኑ ያሳዩት። የባንዲራችን ቀይ ከታች ነውና እንዳይደናገር።